ኮምፒዩተሩ ሞደሙን «አላውቀውም» ሲል
አዲስ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ኮምቦልቻ የጉምሩክ ቅርንጫፍ፣ ደረቅ ወደብና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት የንግድ ከተማ ናት። ዲክላራሲዮን የሚሞላው ትራንዚተርም ሆነ ደሴ ተቀምጦ የባንክ ሒሳቡን የሚከታተለው ጅምላ አከፋፋይ ያለ ኢንተርኔት ሥራው ይቆማል። የቢሮ መስመር በሌለበት የዩኤስቢ ሞደም ክፍተቱን ይሞላል። ኮምፒዩተሩ ሞደሙን አላውቀውም ባለ ዕለት ግን ዕቃው መጋዘን ይቆያል፣ ኪራዩም ይቆጥራል።

በዚህ ጊዜ ነጋዴው ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንዱ ሳይመረምር አዲስ ሞደም መግዛት ነው። ሁለተኛውና የከፋው፣ ኮምፒዩተሩን «ፎርማት» አስደርጎ የዓመት የሒሳብ መዝገቡን ማጥፋት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አያስፈልጉም።

በመጀመሪያ ሞደሙን በሌላ ኮምፒዩተር መሞከር ይገባል። እዚያ ከሠራ ሞደሙ ጤነኛ ነው። በሁለትና በሦስት ኮምፒዩተር ላይ መብራቱ እንኳ ካልበራ ግን የተበላሸው ራሱ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የተለመደው የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ሲሆን፣ ሞደም ኔትወርክ ሲፈልግ ብዙ ኃይል ይስባል። በማራዘሚያ ገመድ ወይም በብዙ መሰኪያ ማከፋፈያ ሲሰካ ኃይሉ ሊያንሰው ይችላል። ስለዚህ በቀጥታ፣ በዴስክቶፕ ከሆነም ከኋላ በኩል ይሰካ።

ይህም ካልረዳ በዊንዶውስ ውስጥ «ዲቫይስ ማናጀር» ይከፈታል። ሞደሙ ሲሰካም ሲነቀልም ዝርዝሩ ካልተለወጠ ጥፋቱ የመሰኪያው ወይም የሞደሙ ነው። ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ከታየ ግን ኮምፒዩተሩ ዕቃውን አይቶታል፤ የጎደለው ድራይቨር የሚባለው አስተዋዋቂ ፕሮግራም ነው።

ብዙዎችን የሚያደናግረው ሦስተኛው ሁኔታ ነው። ብዙ ሞደሞች መጀመሪያ ሲሰኩ ራሳቸውን እንደ ሲዲ ያቀርባሉ። ፕሮግራሙ በውስጣቸው ስላለ እርሱ ሲጫን ነው ወደ ሞደምነት የሚለወጡት። ፀረ ቫይረስ ወይም የዊንዶውስ ጥበቃ ፕሮግራሙ በራሱ እንዳይነሳ ሲከለክለው ሞደሙ ሲዲ እንደሆነ ይቀራል። መፍትሔው ሲዲውን ከፍቶ ፕሮግራሙን በእጅ ማስነሳት ነው። ከተጫነ በኋላም ካልተለወጠ ሲዲውን «ኢጀክት» ማለት በአንዳንድ ሞዴሎች ይሠራል። ለዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተዘጋጀ ፕሮግራም በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ እምቢ ሊል ስለሚችል፣ አዲሱ ከአምራቹ ይወሰዳል።

መታወቅና መገናኘት አንድ አይደሉም። ሲም ካርድ አለመኖሩ ወይም ሒሳብ ማለቁ ግንኙነት ይከለክላል እንጂ ሞደሙን ከኮምፒዩተሩ አይሰውርም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ሞደሞች በኮምፒዩተር ይታወቁ ነበር፤ የጠፋው አገልግሎቱ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሞደም መቀየር ትርፉ ወጪ ነው።

ሥራ ለሚቸኩል ሰው ስማርት ስልኩን በኬብል ከኮምፒዩተሩ አገናኝቶ እንደ ሞደም መጠቀም ለዕለቱ ይበቃዋል። ለነገው ደግሞ የድራይቨሩንና የሒሳብ መዝገቡን ቅጂ በፍላሽ ይያዝ። ጠጋኝ ቤት «ፎርማት ይደረግ» ሲለው ቢያንስ መዝገቡ በእጁ ይኖራል።