ከካልሲ ውስጥ የወጣችው ጠርሙስ

ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ከቨርጂኒያ የመጣው የአጎቴ ልጅ ሻንጣውን ሲከፍት፣ ከልጆች ጫማና ከሽቶው መሃል በካልሲ የተጠቀለለች ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። «አክስቴ፣ ሚጥሚጣ አያቃጥለኝም ትዪ የለ? እስቲ ይቺን ቅመሽልኝ» ብሎ ለእማዬ ሰጣት። እማዬ ዛላውን ራሷ መርጣ ገዝታ፣ ቀንጥሳና አስጥታ በርበሬ የምታዘጋጅ ሴት ናት። ነገሩን እንደ ድፍረት ነው የቆጠረችው።

እኔ ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው ሌብሉ ላይ ነው። ማጭድ የያዘ አጽም ተስሎበታል፤ ከሥሩ ከ1.6 ሚሊዮን የሚበልጥ ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። ሶሱ የተሠራው ካሮላይና ሪፐር ከተባለ በርበሬ ነው። ይህን በርበሬ አሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አዳቅሎ ያወጣው ኤድ ከሪ የተባለ ሰው ነው። ፍሬው ቀይ፣ ቆዳው የተጨማደደ፣ ጫፉም እንደ ጊንጥ ጭራ የቀጠነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ኃይለኛው በርበሬ ተብሎ በጊነስ ተመዘገበ። በ2023 ክብሩን የወሰደበትም ያው ሰው ያዳቀለው ፔፐር ኤክስ ነው።

ቁጥሩ ስኮቪል በሚባል መለኪያ የተሰላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 የመድኃኒት ባለሙያው ዊልበር ስኮቪል የበርበሬ ጭማቂን በስኳር ውኃ እያቀጠነ፣ ቀማሾች ማቃጠሉ አልሰማን እስኪሉ ድረስ ስንት ጊዜ መቅጠን እንዳለበት ይቆጥር ነበር። ዛሬ የሚለካው በመሣሪያ ነው። ከሚጥሚጣ ጋር የሚቀራረቡት ትናንሾቹ በርበሬዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ50,000 እስከ 100,000 ይደርሳሉ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሌብሉ ላይ ያለው ቁጥር የበርበሬው እንጂ የሶሱ አይደለም። ሶሱ ውስጥ ኮምጣጤ፣ ካሮትና ሽንኩርት ስለገባበት ማቃጠሉ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። (እኔም ብሆን የምጽፈው ትልቁን ቁጥር ነበር፤ አልዋሽም።)

እማዬ ቁጥሩን አላየችውም። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። «ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል» አለችና በእንጀራ ጫፍ አንድ ጠብታ ነክታ ቀመሰች። ታናሽ ወንድሜ ግን ዳቦው ላይ እንደ ካቻፕ አፈሰሰው።

እኔ የቀመስኩት በእማዬ ልክ ነው። መጀመሪያ የበሰለ ኮክ የሚመስል ጣፋጭነት፣ ከዚያ የኮምጣጤው ጎምዛዛነት መጣ። ለጥቂት ሰከንድ «ይሄ ነው እንዴ?» ብዬ ነበር። ከዚያ ከጉሮሮዬ ሥር ተነስቶ ወደ ጆሮዬ ወጣ። ስቅታ ያዘኝ። ወንድሜ ደግሞ ውኃ ላይ ውኃ እየደገመ እንባው ይወርዳል። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ውኃው አፍ ውስጥ ያሰራጨዋል እንጂ አያጥበውም። የሚረዳው ወተት ነው፤ በውስጡ ያለው ኬዚን የተባለ ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞ ያወርደዋል። ቤት ውስጥ የነበረው ወተት ግን የአራት ዓመቷ ልጄ ኩባያ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ወንድሜ ኩባያውን አየ፣ እማዬን አየ።

«ጠጣ፤ ለንስሐ አባታችን እኔ እነግርልሃለሁ» አለችው።

ሁላችንም እየሳቅን ሳለ ልጄ የአጎቷን ሳህን ስባ ጣቷን ልትነክር ስትል ደረስኩ። ሳቁ ያኔ ቆመ። እንዲህ ያለ ሶስ እጅ ነክቶ ዓይን ከተነካበት ለትልቅ ሰውም ከባድ ነው። እጅ ከነካ በዘይት አሽቶ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ይሻላል፤ ካፕሳይሲን የሚሟሟው በዘይት ነውና። ከዚያ በኋላ ጠርሙሷን ጠረጴዛ ላይ አላስቀመጥናትም።

እማዬ ፍርዷን የሰጠችው ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ነው። «ለፉክክር እንጂ ለመብል አልሠሩትም። የኔ ዳጣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ዝንጅብሉም፣ በሶብላውም ይሰማሃል፤ ይሄ ግን ሌላውን ሁሉ ዝም ያሰኛል» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «መዓዛው ግን ያምራል» ብላ ጨመረች።

በማግስቱ ጎረቤቶች ሲመጡ አንድ ድስት ሽሮ ውስጥ ሁለት ጠብታ ጣል አደረገች። አንዷ ጎረቤታችን ሽሮው ምን እንደገባበት ሦስት ጊዜ ጠየቀቻት፤ እማዬ አልነገረቻትም። ጠርሙሷ እስካሁን በዚያችው ካልሲ ተጠቅልላ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አለች። ወንድሜ ለምሳ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠይቀው ወተት መኖሩን ነው።