ስርቆት፣ ውንብድና እና ሒራባ፦ በወንጀል ሕጋችን እና በፊቅህ

በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ገበያ ስልኩ የተወሰደበት ሰው፣ ወሳጁ ኪስ አውላቂም ይሁን ጩቤ የመዘዘ፣ «ሌባ!» ብሎ ይጮኻል። በሕግም ሆነ በፊቅህ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ኢማም ወይም ኡስታዝ ለምስክርነት ወይም ለሽምግልና ሲጠራ ልዩነቱን ማወቅ ይገባዋል፤ በስያሜው ላይ የአንድ ሰው የብዙ ዓመታት ነፃነት ይወሰናልና።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት የሌላውን ንብረት መውሰድን ስርቆት ይለዋል (አንቀጽ 665)፤ ቅጣቱ ቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ለስርቆት በተደራጀ ቡድን ሲፈጸም ከባድ ስርቆት ይሆናል (669)። በሰው ላይ ኃይል ወይም ከባድ ዛቻ ከታከለበት ውንብድና ነው (670)፤ ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በጦር መሣሪያ ወይም በተደራጀ ቡድን ከተፈጸመ፣ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ካደረሰ ከባድ ውንብድና ይባላል (671)፤ ቅጣቱም ከ5 እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። የህንድ ሕግ በቁጥር ይለያል፦ 5 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በጋራ የፈጸሙት ውንብድና ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የእኛ ሕግ ትኩረት በመደራጀቱ ላይ ነው።

በፊቅህ ሰሪቃ ማለት ኒሳብ የደረሰን ንብረት ከተጠበቀ ስፍራ (ሒርዝ) በስውር መውሰድ ነው፤ ኒሳቡ በሻፊዒይ መዝሀብ ሩብ ዲናር ነው። ሒራባ ግን በኃይል ተመክቶ ሰውን በግልጽ ማስፈራራትና መዝረፍ ነው። ቀደምት ሐነፊዮች ከከተማ ውጭ መሆኑን ሲያስቀድሙ፣ ሻፊዒዮች ደራሽ ከሌለ በከተማም ይሆናል ይላሉ። ስልክ ነጥቆ የሚሮጥ ሰው (ሙኽተሊስ) ድርጊቱ ስውር ስላልሆነ ሰሪቃ፣ ኃይል ስለሌለበትም ሒራባ አይባልም፤ ጉዳዩ በተዕዚር ይታያል። ሁለቱም ሥርዓቶች እዚህ ላይ ይገናኛሉ፦ ንብረቱን ከመውሰድ ባሻገር በሰው ላይ ኃይል መጠቀም ወንጀሉን ይለውጠዋል።

ይህ ሁሉ ግን ለኢማሙ የዳኝነት ሥልጣን አይሰጠውም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) መሠረት በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። ንብረት ማስመለስና ከልብ መጸጸትም ቅጣት ያቀላል (አንቀጽ 82) እንጂ በራሱ ክሱን አያስቀርም። በሱረቱል ማኢዳህ 34ኛ አንቀጽም ከመያዙ በፊት የተጸጸተ ሙሓሪብ ሐዱ ቢነሳለትም፣ የሰው ሐቅ እንደማይወድቅ ፉቀሃዎች አስረድተዋል።

ስለዚህ የተጠራ ኢማም አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ኃይል ነበረ? መሣሪያስ? ቡድኑ የተደራጀ ነበር? ከዚያም ያየውንና የሰማውን ብቻ ይመስክር፤ ስሙን መስጠት የፍርድ ቤት ነው። በሕዝብ ቁጣ መካከል «ወንበዴ» ብሎ መጥራት ያልተረጋገጠ ክስ መጨመር ነው፤ በአላህም ፊት ያስጠይቃል።