የምንጠጣው የከርከዴ አበባ ነውን?

ከአውቶቡስ ተራ ወጥቶ ወደ መርካቶ ቅመም መሸጫዎች የሚዘልቅ ሰው፣ በጆንያ አፍ ላይ የተከመረውን ደማቅ ቀይ ከርከዴ ሳያይ አያልፍም። ብዙ ሻጭና ገዢ «የደረቀ አበባ» ይለዋል። አበባ ግን አይደለም።

የከርከዴ አበባ ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ጥቁር ቀይ ጣል ያለበት መሃሉ ላይ ብቻ ነው። አምስት ስስ የአበባ ቅጠሎች አሉት። በመካከላቸው የወንዴ ክሮቹ ተጣብቀው ቱቦ ይሠሩና የሴቴውን ክፍል ይከባሉ። አበባው ፈክቶ አንድ ቀን ቢቆይ ነው። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ አበባውን ከሥር አቅፎት የነበረው ሽፋን አብሮ አይረግፍም። እየወፈረና እየቀላ ይሄዳል፣ ኮምጣጣ ውሃ ይቋጥራል፣ የዘሩንም ከረጢት ዙሪያውን ይሸፍናል። ለቅመው ከረጢቱን አውጥተው የሚያደርቁት ይህንን ሽፋን ነው። ሲገዙ ያልደቀቀውን ይምረጡ፤ ጫፉ ሹል ሹል፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ጽዋ መሳይ ነገር ካዩ ትክክለኛውን አግኝተዋል።

አዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ለአጥር የሚተከለው ባለ ትልቅ ቀይ አበባ ቁጥቋጦም ከርከዴ ይመስላቸዋል፣ አንዳንዶች። ወገኑ አንድ ነው፣ ተክሉ ግን ሌላ ነው። የአጥሩ ዓመታት ይኖራል፤ ከርከዴ ግን በየዓመቱ የሚዘራ፣ ሁለት ሜትር ገደማ የሚያድግ፣ ግንዱ ቀላ ያለ ተክል ነው። ጥጥና ባሚያም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የባሚያን አበባ ያየ ሰው የከርከዴን ለማወቅ አይቸገርም።

ከሱዳን ብቻ የሚመጣ ነው የሚለውም ልክ አይደለም። በእኛም ሞቃታማ ቆላዎች ይበቅላል፤ የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከልም ዝርያዎቹን አጥንቷል። ቀኑ ሲያጥር የሚያብብ ተክል ስለሆነ የሚዘራበት ወቅት ምርቱን ይወስነዋል።

«ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቀለም ከለቀቀ የተነከረ ነው» ሲባልም ይሰማል። እውነተኛው ከርከዴ በቀዝቃዛ ውሃም ይለቃል፤ አንቶሲያኒን የተባለው የተፈጥሮ ቀለሙ በውሃ የሚሟሟ ነውና። ይህ ቀለም በኮምጣጣ ነገር ይቀላል፣ ሶዳ ሲገባበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይዞራል። ጥርጣሬ ካለዎት ከሻዩ ትንሽ ቀድተው ቁንጥር የዳቦ ሶዳ ይጨምሩበት፦ ቅላቱ ፈጽሞ ካልተነካ ሌላ ቀለም ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ደም ግፊት ያድናል» የሚለው ነው። መሠረት አለው። በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ታትሞ በወጣ ጥናት፣ ግፊታቸው በመጠኑ ከፍ ያለ 65 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። በቀን ሦስት ኩባያ ለስድስት ሳምንት የጠጡት የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ 7 ነጥብ ያህል ቀንሷል። ይህ ማገዝ ነው፣ ማዳን አይደለም። ግፊታቸው 180 የደረሰ ሰዎች ኪኒናቸውን ጥለው በዚህ ሻይ ቢተማመኑ ስትሮክ ሊቀድማቸው ይችላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከርከዴ ማዘውተር ሲጀምር ለሐኪሙ ይንገር፤ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ሊወርድም ይችላልና።

የወባ መድኃኒት ለሚወስድ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ የሱዳን ጥናት ክሎሮኪን ከከርከዴ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በጉልህ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ክሎሮኪን ዛሬም በአገራችን ቫይቫክስ ለተባለው ወባ ይታዘዛል። ስለዚህ ከርከዴ በሚዘወተርባቸው ቆላዎች የታመመ ሰው ኪኒናውን በንጹህ ውሃ ይዋጥ፣ ከርከዴውንም ሕክምናው እስኪያልቅ ይተወው።