የብር ቅንጣት በቁስል መሸፈኛ ንግድ

ብር ለጌጥና ለገንዘብ ከማገልገሉ በቀር ለቁስል ሕክምና ከዋለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካዊው ሐኪም ካርል ሞየርና ባልደረቦቹ በእሳት የተቃጠሉትን ሕሙማን ግማሽ በመቶ የብር ናይትሬት ባለበት ውሃ በተነከረ ፋሻ ማከማቸውን በጽሑፍ አስታወቁ። ፋሻው ግን ዘወትር መራስ ነበረበት።

በ1990ዎቹ በካናዳ፣ በአልበርታ ክፍለ ሀገር፣ ሮበርት በሬል የተባለው ሊቅ በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ፣ የሚለካ የብር ቅንጣት የለበሰ መሸፈኛ ሠራ። «አክቲኮት» ተብሎ ለገበያ የቀረበው ይኸው ነው። ቅንጣቱ እርጥበት ሲያገኝ ብሩን ጥቂት በጥቂት ስለሚለቅና ይህም ባክቴሪያውን ስለሚገድል፣ መሸፈኛው እንደ ዓይነቱ እስከ 3 ወይም እስከ 7 ቀን ያገለግላል።

ይሁን እንጂ ዕቃው የሚርሰው ከጀርም በጸዳ ውሃ እንጂ ሳላይን በሚባለው የጨው ውሃ አይደለም፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ብሩን ይዞ ያስቀረዋልና። ስለዚህ መመሪያው ለአስታማሚው በሚገባው ቋንቋ ካልደረሰ የገዢው ገንዘብ በከንቱ ይባክናል፤ ቁስለኛውም ይጎዳል።

ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2010 ኮክሬን የተባለው ማኅበር 26 ጥናቶችን መርምሮ፣ ብር ያለበት መሸፈኛ ቁስልን ከማመርቀዝ ለመከላከሉ በቂ ማስረጃ አላገኘም። እንግዲህ አስመጪው በካርቶኑ ላይ «ብር» የሚል ቃል ስላየ ብቻ ከማዘዝ ይልቅ አስቀድሞ ሐኪሞችን ቢያማክር፣ የዕቃውን ምዝገባና የአገልግሎት ዘመንም ቢያጣራ ለንግዱም ለስሙም ይበጀዋል።