የጋርቬይ ይቅርታና ያልተሻረው ፍርድ

ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ሥልጣን ሊያስረክቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2025፣ ለጃማይካዊው የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ ለማርከስ ጋርቬይ ይቅርታ አደረጉ። ጋርቬይ ለንደን ላይ ከሞተ ያኔ ሰማንያ አራት ዓመት አልፎት ነበር።

ስሙ ለእኛ ባዳ አይደለም። ያቋቋመው ማኅበር በይፋ መዝሙሩ ኢትዮጵያን የአባቶቹ አገር አድርጎ ያወድስ ነበር፤ እርሱን እንደ ነቢይ የሚያዩት ራስተፈሪያን ዛሬም ሻሸመኔ ይኖራሉ። 

ጋርቬይ በ1919 ብላክ ስታር ላይን የተባለ የመርከብ ኩባንያ አቋቁሞ አክሲዮኑን አንዱን በአምስት ዶላር ለጥቁሮች ሸጠ። በዚያው ዓመት በፍትሕ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ጄ. ኤድጋር ሁቨር፣ ጋርቬይን ከአገር ለማባረር የሚያበቃ የጣሰው የፌዴራል ሕግ አለመገኘቱ እንደሚያሳዝነው በማስታወሻ ጻፈ። መንግሥት ጥቁር ሰላይ ቀጥሮ ማኅበሩ ውስጥ አሰረገ። ጋርቬይ አስቀድሞ ተመረጠ፤ ወንጀሉ ኋላ ተፈለገለት። በ1923 አብረውት የተከሰሱት ሦስቱ በነጻ ሲሰናበቱ፣ እርሱ በፖስታ በማጭበርበር በአንድ ክስ ጥፋተኛ ተባለ። የተፈረደበትም ውስጡ ምን እንደነበረ ባልተረጋገጠ አንድ ባዶ ፖስታ ነው። አምስት ዓመት ተበየነበት። በ1927 ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ቅጣቱን አሳጠሩለትና ወደ ጃማይካ ተባረረ።

የጋርቬይን ጥፋት መሸፋፈን አያስፈልግም። ኩባንያው ያረጁ መርከቦችን በውድ ገዝቶ ከስሯል፤ ገና የራሱ ያላደረገውን መርከብ ምስልም በማስታወቂያው ላይ አትሟል። ቁጠባቸውን ያጡት ድሆች ጥቁሮች ናቸው። ክሱ እንዲፋጠን ለመንግሥት ከጻፉትም መካከል ስመ ጥር ጥቁሮች ነበሩ። ይህ ሁሉ በሐቀኛ ችሎት ሊመረመር ይገባው ነበር፤ አልተመረመረም። የቤተሰቡና የኮንግረስ አባላት ጥያቄም ከስሙ ላይ ወንጀሉ እንዲፋቅለት ነበር።

ይቅርታ ይህን አያደርግም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1915 በበርዲክ ጉዳይ እንዳለው፣ ይቅርታ የጥፋተኝነትን ጥላ ይዞ ይመጣል፤ መቀበሉም እንደ ማመን ይቆጠራል። ሙት ደግሞ አልቀበልም ማለት አይችልም። በዳዩ መንግሥት ይቅር ባይ ሆኖ ይቀመጣል፤ ፍርዱ ግን በመዝገብ እንዳለ ነው።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በመርሕ ደረጃ የሙታንን የይቅርታ ማመልከቻ አይቀበልም፤ ጊዜዬን ለሕያዋን ላውለው ይላል። ስለዚህ የሚታሰበው ደጅ የሚጠናለት ታላቅ ሰው ያገኘ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጥቁር የዓለም የከባድ ሚዛን ቡጢ ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን፣ በ1913 ነጮች ብቻ በተቀመጡበት ጁሪ የተፈረደበት ነጭ ሴት ይዞ ከግዛት ግዛት ተጓዘ ተብሎ ነው። ሴናተር ጆን ማኬይን ለዓመታት ተሟገቱለት፤ ሁለቱም የኮንግረስ ምክር ቤቶች በ2009 ይቅርታ እንዲደረግለት ጠየቁ፤ ባራክ ኦባማ አላደረጉትም። በ2018 ዶናልድ ትራምፕ የፈረሙለት የፊልም ተዋናዩ ሲልቬስተር ስታሎን ጉዳዩን ካነሣላቸው በኋላ ነው። ዘመድ አልባው እስረኛ ማንን ይላክ?

ቢሆንም ፕሬዚዳንቶች እጃቸውን ይሰብስቡ አልልም። ይፈርሙ፤ ግን በፊርማቸው አይብቃ። በፍሎሪዳ ግሮቭላንድ በ1949 ነጭ ሴት ደፈሩ ተብለው አራት ጥቁር ወጣቶች ተወነጀሉ፤ አንዱ ሲታደን ተገደለ፣ ሌላውን ሸሪፉ በካቴና እንደታሰረ ተኩሶ ገደለው። በጥር 2019 የግዛቲቱ መንግሥት ለአራቱም ይቅርታ ሰጠ። ቤተሰቦቻቸው በዚህ አላበቁም። በ2021 ዓቃቤ ሕጉ ራሱ አመልክቶ፣ ዳኛው የተገደሉትን የሁለቱን ክስ ዘጋ፣ በቀሩት ላይ የተሰጠውንም ፍርድ ሻረ። በዚያን ጊዜ ከአራቱ በሕይወት ያለ አልነበረም፤ ሞታቸው ችሎቱን አልከለከለውም።

ጋርቬይን የከሰሰው የኒው ዮርክ ፌዴራል ዓቃቤ ሕግ ቢሮ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የ1923ቱ ፍርድ እንዲሻር ችሎት ፊት ማመልከት ያለበትም ያው ቢሮ ነው።