ለጎዳና ተዳዳሪዎች በኢንተርኔት ስለሚቀርቡ የእርዳታ ጥሪዎች፦ ከመስጠትና ከማሰባሰብ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በኮንትራት ሥራ ላይ የምትገኙ የተከበራችሁ ወገኖቻችን፤

በየስልካችሁ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዓይነት ተንቀሳቃሽ ምስል አለ። በአዲስ አበባ አንድ አስፋልት ዳር ካርቶን አንጥፎ የተኛ አረጋዊ ወይም ሕፃን ያቀፈች እናት ይታያሉ፤ ከጀርባ የሐዘን ዜማ ይሰማል፤ ምስሉን የሚቀርጸው ሰው ዳቦና ብርድ ልብስ ያቀብላል፤ በመጨረሻም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይወጣና በዓረብ አገር ያሉ እህቶችና ወንድሞች እንዲደርሱላቸው ይለመናል። ጥሪው እናንተን ለይቶ የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአገሩ የራቀ ሰው ሆዱ ቶሎ ይባባል፤ በየወሩም የተቆረጠ ደመወዝ እንደሚያገኝ ጠሪው ያውቃል።

በጎዳና የሚያድሩ ወገኖቻችን ችግር እውነት ነው፤ ለእነርሱ መስጠትም በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ዘንድ የቆየ ግዴታ ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን የምንሳሳተው፣ በምስሉ የሚታየው ሰው በእርግጥ የተቸገረ መሆኑን ካመንን ጥሪውም እውነተኛ ነው ብለን ስለምንደመድም ነው። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በመስጊድ በር የምትሰጡት ሳንቲም በዓይናችሁ ፊት ከተቀባዩ እጅ ይገባል። በስልክ የምትሰጡት ግን በመካከል የቆመ ሦስተኛ ሰው አለው፤ ገንዘቡ የሚገባውም በዚያ ሰው ሒሳብ ነው። ስለዚህ መመርመር የሚገባው የተኛው ሰው ሳይሆን ካሜራውን የያዘው ነው።

ይህን ልዩነት በግልጽ የሚያሳይ፣ በፍርድ ቤት ተመርምሮ ውሳኔ ያገኘ ጉዳይ በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 አንዲት ወጣትና የወንድ ጓደኛዋ ጎፈንድሚ በተባለው የመዋጮ መሰብሰቢያ ድረ ገጽ ላይ አንድ ታሪክ አወጡ። ወጣቷ በአውራ ጎዳና ላይ ነዳጅ አልቆባት ስትቸገር፣ በጎዳና የሚያድር አንድ የቀድሞ ወታደር የመጨረሻ 20 ዶላሩን አውጥቶ ነዳጅ እንደገዛላት፣ እነርሱም ውለታውን ለመመለስ ገንዘብ እንደሚያሰባስቡለት ገለጹ። ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከ400,000 ዶላር በላይ አዋጡ። በቀጣዩ ዓመት የጎዳና ተዳዳሪው የተሰበሰበልኝ ገንዘብ ተገቢ በሆነ መንገድ አልተሰጠኝም ሲል ጥንዶቹን ከሰሰ። ጉዳዩን የያዘው ዐቃቤ ሕግ ግን ከክሱ ያለፈ ነገር አገኘ፤ የነዳጁ ታሪክ ከመነሻው በሦስቱ ስምምነት የተፈጠረ ነበር። ወጣቷም ጥሪው ገና እንደወጣ ለጓደኛዋ በላከችው የስልክ መልእክት የነዳጁ ወሬ ልብ ወለድ መሆኑን፣ ሰውየው ግን በእርግጥ ያለ ሰው መሆኑን ጽፋ ተገኘች። አብዛኛው ገንዘብ ለቅንጡ መኪና፣ ለሽርሽር፣ ለውድ የእጅ ቦርሳዎችና ለቁማር ውሎ ነበር። ጥንዶቹ የእስራት ቅጣት ተፈርዶባቸዋል።

ሰውየው በእርግጥ ቤት አልነበረውም፤ በእርግጥም ተቸግሮ ነበር። የለጋሾቹ ዓይን አልተሳሳተም፤ ሐሰቱ በምስሉ ሳይሆን በታሪኩና በገንዘቡ መንገድ ላይ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር፣ ለጋሾቹ ገንዘባቸውን መልሰው ያገኙት መዋጮው የእያንዳንዱን ከፋይ መዝገብ በያዘ ድርጅት በኩል በመሰብሰቡ ነው። ስሙ ለማይታወቅ ሰው የግል ሒሳብ ወይም በሐዋላ የተላከ ገንዘብ እንዲህ ያለ ተመላሽ አድራጊ የለውም።

ለእናንተ ከዚህ የሚብሰው አደጋ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ከሰጪነት ወደ ሰብሳቢነት መሸጋገር ነው። አካሄዱ የተለመደ ነው። አንዲት እህት ምስሉን አይታ ታዝናለች፤ በዋትስአፕ ቡድን ውስጥ ላሉ 30 ጓደኞቿ ታሰራጨዋለች፤ እያንዳንዳቸው 50 ድርሃም ያዋጣሉ፤ የባንክ ካርድ ያላት እርስዋ ስለሆነች ገንዘቡ በእርስዋ በኩል ያልፋል። ከዚህ ውስጥ ለራስዋ አንድ ሳንቲም አልነካችም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ስለ መዋጮ የሚደነግገው የኤምሬቶች ፌዴራል ሕግ ቁጥር 3 ግለሰቦች መዋጮ እንዳያሰባስቡ ይከለክላል፤ ሥራው ፈቃድ ለተሰጣቸው ተቋማት ብቻ የተተወ ነው። በዚያው ዓመት ወጥቶ ከጃንዋሪ 2 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሐሰት ወሬንና የኮምፒውተር ወንጀልን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 34 ደግሞ፣ ያለ ፈቃድ በኢንተርኔት መዋጮ የጠየቀ ወይም ጥሪውን ያስተዋወቀ ሰው በእስራትና ከ200,000 እስከ 500,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ እንደሚቀጣ በአንቀጽ 46 ይደነግጋል። በወር 1,000 ድርሃም ለሚከፈላት ሠራተኛ ዝቅተኛው መቀጮ የ16 ዓመት ከ8 ወር ሙሉ ደመወዝ ነው። ሕጉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ገንዘቡን በልተሻል ወይ ብሎ ሳይሆን ፈቃድ አለሽ ወይ ብሎ ነው። ምስሉን በአገር ቤት ሆኖ የቀረጸው ሰው በዚህ ሕግ ፊት ላይቀርብ ይችላል፤ እዚህ ያለችው ሰብሳቢ ግን በመታወቂያዋና በባንክ ሒሳቧ ወዲያውኑ ትገኛለች። በዚሁ ምክንያት ለማንም ሰው መዋጮ መቀበያ እንዲሆን የባንክ ካርዳችሁን ወይም ሒሳባችሁን አታውሱ።

ለቤተሰባችሁ በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው የገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት የምትልኩትን የራሳችሁን ገንዘብ ይህ ክልከላ አይመለከተውም። እናታችሁ ወይም ወንድማችሁ ከዚያ ላይ ቀንሰው በሰፈራቸው ለሚያውቁት ችግረኛ ሊሰጡላችሁ ይችላሉ፤ በእኛ አስተያየት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። የምትሰጡት ግን በፈቃዳችሁ መሆን አለበት። አሠሪም ሆነ ኤጀንሲ ለበጎ አድራጎት ነው በሚል ያለ ፈቃዳችሁ ከደመወዛችሁ ሊቀንስ አይችልም።

በምስል ለታየው ሰው ራሱ ለመስጠት የምትሹ ከሆነ፣ በእቁብ የለመዳችሁትን ጥንቃቄ እዚህም አትተዉ። ዳኛውና ጸሐፊው በማይታወቁበት እቁብ ማንም አይገባም። ሒሳቡ በማን ስም እንደተከፈተ፣ ሰውየው በየትኛው ክፍለ ከተማና ወረዳ እንደሚገኝ፣ ባለፈው ጊዜ የተሰበሰበው ምን ላይ እንደዋለ ጠይቁ፤ በአካባቢው የምታውቁት ሰው ካለ ሄዶ እንዲያይላችሁ አድርጉ። ቅን ሰብሳቢ ሲጠየቅ አይቆጣም። ጠሪው ድርጅት ነኝ ካለ፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ያገኘ መሆን አለበት፤ በየዓመቱም የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለባለሥልጣኑ ያቀርባል። እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ስማቸው የታወቀ ድርጅቶችም ቢሆኑ፣ የሒሳብ ቁጥራቸው ከራሳቸው መወሰድ አለበት እንጂ ከማንኛውም አስተላላፊ መቀበል አይገባም፤ ታዋቂ ስም መዋስ ለአጭበርባሪ ቀላል ነው። እርዳታ ለመስጠት የፓስፖርት ቅጂም ሆነ በስልካችሁ የሚላክ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር አያስፈልግም፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው ምጽዋታችሁን ሳይሆን ሒሳባችሁን ነው።

በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጎዳና ላይ የወደቀ ሰው ፊቱ ለሕዝብ እንዲታይ ሊፈቅድ እንደማይችልም ማሰብ ያስፈልጋል። ምስሉ በሐቀኛ ሰው እጅ የተቀረጸ ቢሆን እንኳ፣ ያ ሰው ነገ ድኖ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ ምስሉ ተከትሎት ይኖራል። ከማሰራጨታችሁ በፊት በእርሱ ቦታ የምታውቁትን የአንዱን ዘመዳችሁን ፊት አስቡ።

ገንዘብ ልካችሁ በኋላ የተጠራጠራችሁ ካላችሁ፣ ደረሰኙን፣ የሒሳብ ቁጥሩንና የመልእክት ልውውጡን ሳታጠፉ ያዙ። በአቡ ዳቢ አማን በተባለው የፖሊስ አገልግሎት በስልክ ቁጥር 8002626 በምሥጢር ማመልከት ይቻላል። በእጃችሁ ወይም በሒሳባችሁ የተሰበሰበ መዋጮ ያላችሁ ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብ መቀበል አቁማችሁ፣ ወደ ማንም ከማስተላለፋችሁ በፊት የከፋዮችን ዝርዝር ይዛችሁ ወደ ጽሕፈት ቤታችን በመቅረብ ምክር ጠይቁ።