ላራቬል፣ ጃንጎ ወይስ ኔክስት ጄኤስ? ከመምረጣችሁ በፊት 3 ጥያቄዎች

"የቱን ልማር?" ኮዲንግ የሚማሩ ወጣቶች ባሉበት ግሩፕ ሁሉ ይሄ ጥያቄ አይጠፋም። መልሱም ያው ነው። ላራቬል የሚሠራው "ላራቬል" ይላል፣ ኔክስት የጀመረው "ፒኤችፒ ድሮ ቀረ" ይላል። ጠያቂው ሁለት ሳምንት አንዱን፣ ሁለት ሳምንት ሌላውን ሲነካካ ወራት ያልፋሉ። ያለቀ አንድ ሥራ ግን እጁ ላይ የለም።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

🔹 ፍሬምወርክ ምንድን ነው?

አንድ ዌብሳይት ሁለት ጎን አለው። አንደኛው ስክሪናችሁ ላይ የምታዩት ነው፤ ፍሮንትኤንድ ይባላል። ሌላኛው ሰርቨር ላይ ሆኖ ዳታ የሚያስቀምጠውና ማን እንደገባ የሚያጣራው ባክኤንድ ነው። ሁለቱንም የሚሠራ ሰው ፉል-ስታክ ይባላል።

ሎጊን፣ የፓስወርድ ጥበቃ፣ ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት፦ እነዚህን ለእያንዳንዱ ሥራ ከዜሮ መጻፍ ቤት ለመሥራት ብሎኬቱንም ራስ እንደማምረት ነው። ፍሬምወርክ ብሎኬቱን አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል። ልዩነቱ የትኛውን እንደሚሰጣችሁና የትኛውን "ራስህ ፈልግ" እንደሚላችሁ ነው።

🔹 ሦስቱን በአጭሩ

ጃንጎ፦ በፓይተን ነው የሚጻፈው። የተወለደው አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ባለ የጋዜጣ ድርጅት ሲሆን በ2005 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተለቀቀ። ትልቁ ስጦታው የአድሚን ገጹ ነው። ዳታችሁ ምን እንደሚመስል ከጻፋችሁ፣ ዕቃ የሚጨመርበትና የሚስተካከልበት ገጽ በጥቂት መስመር ኮድ ይመጣላችኋል። ኢንስታግራም ሲጀመር በጃንጎ ነው የተሠራው።

ላራቬል፦ በፒኤችፒ ነው። ቴይለር ኦትዌል በ2011 አወጣው። ዳታቤዝ፣ ኢሜይል መላክ፣ ከጀርባ የሚሠሩ ሥራዎችን ወረፋ ማስያዝ፣ ሁሉም አብሮት ይመጣል። አድሚን ገጽ ከፈለጋችሁ ፊላመንት የሚባል ነፃ ተጨማሪ አለ።

ኔክስት ጄኤስ፦ በ2016 ወጣ፤ የሚያዘጋጀው ቨርሰል የተባለው ኩባንያ ነው። የተገነባው በሪአክት ላይ ስለሆነ ሁለቱንም ጎን በአንድ ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት ትጽፋላችሁ። ዳታቤዝ ማገናኛው፣ ሎጊኑና አድሚኑ ግን አብረውት አይመጡም፤ መርጣችሁ የምትገጥሙት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ።

1️⃣ ሆስቲንጉን ማን ይከፍላል?

ፒኤችፒ ብዙ ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ይሠራል። ለላራቬል ግን ተርሚናል የሚፈቅድ ብትመርጡ ከብዙ ጣጣ ትድናላችሁ። ጃንጎና ኔክስት ብዙውን ጊዜ የራሳችሁ ሰርቨር ወይም ለእነሱ የተዘጋጀ አገልግሎት ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የቨርሰል ነፃ ፓኬጅ የተፈቀደው ለግል፣ ንግድ ላልሆነ ሥራ ብቻ ነው። የደንበኛን ሱቅ እዛ ላይ ጭናችሁ "ነፃ ነው" ብትሉት ደንቡን ጥሳችኋል። የሚከፈልበት ደግሞ በየወሩ በዶላር ነው። አዲስ አበባ ያለ ባለሱቅ ይሄን ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ኔክስትን በራሳችሁ ሰርቨር ማስኬድ ይቻላል፣ ሥራው ግን የእናንተ ነው።

2️⃣ በምን ስልክ ይከፈታል?

ላራቬልና ጃንጎ እንደተለመደው ያለቀለት ገጽ ነው የሚልኩት። ኔክስትም ገጹን ሰርቨር ላይ ያዘጋጃል፤ ከገጹ ጋር ግን የሪአክትን ጃቫስክሪፕት ይልካል፣ ስልኩም ያንን አውርዶ ማስኬድ አለበት። አዲስ ስልክ ላይ ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል። ርካሽ ስልክ ላይ ግን በተኑ ሲነካ ዝም ይላል፣ ፓኬጁም ይበላል። የሠራችሁትን ክሮም ላይ ኔትወርኩን ወደ 3ጂ አውርዳችሁ ሞክሩት፤ እዛው ይታያችኋል።

3️⃣ ከእናንተ በኋላ ማን ይጠግነዋል?

በመጋቢት 2017 (ማርች 2025 እ.ኤ.አ.) ኔክስት ላይ ከባድ ክፍተት ይፋ ሆነ። "ይሄ ሰው ገብቷል ወይ?" የሚለውን ማጣሪያ ሚድልዌር ላይ ብቻ ያስቀመጡ ሳይቶች፣ ማጣሪያው ሊዘለልባቸው ይችል ነበር። መፍትሔው አፕዴት ማድረግ ነበር። ግን ሠርቶ ገንዘቡን ተቀብሎ የጠፋ ሰው ማን አፕዴት ያደርግለታል?

እንዲህ ያለው ነገር በየትኛውም ፍሬምወርክ ይገጥማል። ስለዚህ ድጋፉ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ እዩ። ጃንጎ "ኤልቲኤስ" ለሚባሉት ቨርዥኖቹ ለ3 ዓመት ያህል የደኅንነት ማስተካከያ ይሰጣል። ላራቬል ለእያንዳንዱ ዋና ቨርዥን 2 ዓመት ይሰጣል።

🔹 በምሳሌ

እንበል አንድ የቤት ዕቃ ሱቅ 40 ዕቃ ከነፎቶው ማሳየት፣ ትዕዛዝ መቀበል ይፈልጋል። ባለቤቱ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር እናንተ ጋር መደወል አይፈልግም። እዚህ አድሚን ገጹ ግማሽ ሥራ ነው፤ ጃንጎ ወይም ላራቬል ያዋጣል። ክፍያ በቴሌብር ወይም በቻፓ ማገናኘት ደግሞ በሦስቱም ይቻላል፤ እሱ ምርጫችሁን አይወስነውም።

ሥራው ስክሪኑ ላይ ብዙ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለው፣ ለምሳሌ ካርታ፣ ቻት፣ በየሰከንዱ የሚለወጥ ሰንጠረዥ፣ ኔክስት ጎበዝ ነው።

ተቀጥራችሁ መሥራት የምትፈልጉ ደግሞ ሁለት ሳምንት የሥራ ማስታወቂያ ተከታተሉና የትኛው ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ቁጠሩ። የግሩፕ ክርክር ከሚነግራችሁ በላይ ይነግራችኋል።

✅ አሁንም ከተምታታባችሁ፦ ፓይተን የምታውቁ ጃንጎ፣ ፒኤችፒ የምታውቁ ላራቬል፣ ሪአክት የምታውቁ ኔክስት ያዙ። በቃ። አንድ ትንሽ ሥራ ጀምራችሁ ኢንተርኔት ላይ እስክታወጡት ድረስ አትቀይሩ። ኤችቲኤምኤል፣ ኤስኪውኤል፣ ሰርቨርና ስልክ እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ይሄ ሁሉ የትም ብትሄዱ አብሯችሁ ይሄዳል። ሁለተኛውን ፍሬምወርክ ስትማሩ ከመጀመሪያው በጣም ይቀላችኋል።

እናንተስ በየቱ ነው የምትሠሩት? ሆስቲንጉንስ እንዴት ነው የምትከፍሉት? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ለጀማሪዎች ይጠቅማል። 👇